በአዘኔታ የሞላሁት ቅጽ

አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት አስተምሬአለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ጉራውማ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ካርቶን ሳሽግ ነው የለቀቀኝ። የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ጥፋት የጀማሪ ጥፋት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ከልምድ የመጣ ጥፋት ነው፤ ያውም ከምኮራበት ልምድ።

መጋዘኑን ስድስት ዓመት ታገስኩት። ወገቤ በቃኝ ሲል በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። እዚህ «ኤይድ» ይሉናል። አስተማሪ አይደለንም፤ ከአስተማሪዋ ሥር ሆነን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች እየተከተልን የምናግዝ ሰዎች ነን። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት አለቃዬ ሆነች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በዚያ ብርድ በረዶ የሞላበት ቡና በስትሮ እየመጠጠች ትገባለች፤ ስታስብ ጥፍሯን ትበላለች። መጀመሪያ ሳያት ይቺ ደግሞ ምን ልታስተምረኝ ነው ብዬ ነበር፤ አልዋሽም።

የመደበችኝ ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ሦስተኛ ክፍል ናት፤ የአበሻ ልጅ። አባቷ ትራክ ይነዳል፣ እናቷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ በምሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያመልኩ ገና ሳልቀጠር በዓይን አውቃቸው ነበር። ልጅቷ ክብ ፊት አላት፣ ሳቂታ ናት፣ ቃል ይዘገይባታል። ያለማቋረጥ ለራሷ የሆነ ነገር ታዜማለች። ስትቆጥር ስምንት ላይ ስትደርስ አንዳንዴ ወደ አምስት ትመለሳለች። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ በዚህስ ከሌሎቹ የአበሻ ልጆች ምንም አትለይም።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆችና የትምህርት ቤቱ ሰዎች ተቀምጠው ለልጁ ግብ ያወጣሉ። አይኢፒ ይሉታል። የሷ ግቦች አምስት ነበሩ፤ የጃኬቷን ዚፕ መዝጋት፣ ስሟን ሳታይ መጻፍ፣ እስከ ሃያ መቁጠር፣ ሃያ ቃላት ማንበብና ምሳ ቤት ውስጥ የተማሪ ቁጥሯን መምታት። ምሳ ቤት ሁሉም ልጅ ትሪውን ይዞ ሲያልፍ አንዲት ትንሽ ማሽን ላይ ስድስት አኃዝ ይመታል። የኔ ሥራ ከጎኗ ሆኜ እያንዳንዱን ሙከራ ቅጽ ላይ መመዝገብ ነው። ቅጹ ሦስት ሳጥን አለው፤ በራሷ፣ በቃል እርዳታ፣ በእጅ እርዳታ። በዓመቱ መጨረሻ የሚፈርደው ይኼ ቅጽ ነው። አልቻለችም ካለ እርዳታው ይቀጥላል። ችላለች ካለ ይቀነሳል፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ይነሣና ሃያ አምስት ልጅ ካለበት ክፍል ብቻዋን ትገባለች።

ይህ በሥልጠናው ቀን ተነግሮኛል። ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቻለሁ፤ ቡክሌቱም እስከ ዛሬ እቤቴ አለ።

በኔ አገር ግን ነጥብ እንዲህ ያለ ሥራ አልነበረውም። አርባ ስምንት ላመጣ ልጅ ሁለት ጨምሮ ሃምሳ ማድረግ የአስተማሪ ወግ ነው፤ ያላደረገ ሰው ጨካኝ ይባላል። አራተኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ከሁሉም ይበልጣል፣ ፊደል አትለይም። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለሷ ያልተናገረ አልነበረም። አንዱ እዚህ መምጣቷ ለሌሎቹም ጊዜ ማባከን ነው ይላል። አንዷ የእግዜር ሥራ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ ብላ ሻይዋን ትጠጣለች። የሒሳብ አስተማሪው መዳፏን በማስመሪያ ይላታል። ከነሱ መካከል ደጓ እኔ ነበርኩ። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ሰሌዳ አስጠረግኋት፣ ጎበዝ አልኳት፣ በየሴሚስተሩ በማስተምራት ትምህርት ሁሉ ሃምሳ ሃምሳ እየሰጠሁ አሳለፍኳት። ካርድ በሰጠሁ ቀን እናቷ ትከሻዬን እየሳመች አለቀሰች። እኔም ጽድቅ እንደሠራ ሰው ቀለል ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። አንድ ፊደል አላስተማርኳትም። ይህ ግን በዚያን ጊዜ በሐሳቤ እንኳ ሽው አላለም።

እዚህ አለቃዬ አንድ ደንብ ነበራት። ልጅቷ አንድ ነገር ስትሞክር አንዴ ታሳያታለሽ፣ ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ በልብሽ እስከ አሥር ትቆጥሪያለሽ፤ አሥር ሳይሞላ አትነኪያትም። መጀመሪያ ስሰማው ቀላል መሰለኝ። አሥር ቁጥር ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቀው የሚፍጨረጨር ልጅ ፊት የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ኖቬምበር ውስጥ በአንድ ብርዳም ቀን፣ ለዕረፍት ስንወጣ፣ ልጅቷ ከጃኬቷ ዚፕ ጋር ትታገላለች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታለች። ሌሎቹ ልጆች እየተጋፉ ወጥተው አልቀዋል፤ ኮሪደሩ ላይ እኔና እሷ ቀርተናል። ቀና ብላ አየችኝ። አራት ላይ ደርሼ ነበር። ጎንበስ አልኩና እስከ አገጯ ድረስ ዘጋሁላት። ሳቀችና ሮጠች።

ከዚያ ቅጹን አወጣሁ። እውነቱ «በእጅ እርዳታ» የሚለው ሳጥን ነው። እጄ ግን እዚያ አልሄደም። ያቺን ምስኪን ልጅ ወረቀት ላይ መክሰስ መሰለኝ። እናቷ የምታየው ወረቀት ነው፤ እናቷ ደግሞ ባየችኝ ቁጥር «እትዬ፣ እንዴት ናት ልጄ?» ብላ ዓይን ዓይኔን የምታይ ሴት ናት። «በራሷ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ያኔ የተሰማኝ ደስታ ነው። ደስ ባይለኝ ኖሮ ምናልባት አልደግመውም ነበር።

ደገምኩት። ምሳ ቤት ሰልፉ ሲረዝም ቁጥሯን እኔ መታሁላት፤ በራሷ። ስሟን ስትጽፍ እጇን ይዤ አስኬድኳት፤ በራሷ። ቃላቱን ከፊቷ ቀድሜ በሹክሹክታ ነገርኳት፤ እሷ ከኔ ተቀብላ አለች፤ በራሷ። እንዳይጋነን ብዬ አልፎ አልፎ «በቃል እርዳታ» አደርጋለሁ። አርባ ስምንትን ሃምሳ ማድረግ የለመደ እጅ መጠኑን ያውቃል። አለቃዬ አሥር ስትቆጥር ሳያት ደግሞ በሆዴ ልብ የላትም እላለሁ። አንድ ቀን ልጅቷ እርሳስ ወድቆባት ስታነሣው ስንት ጊዜ እንዳመለጣት አልነግራችሁም፤ ሴትዮዋ አጠገቧ ቆማ ዝም ብላ ታያለች። አበሻ ቢሆን ይህን አያደርግም ብዬ ተበሳጨሁ።

ከሰዓት በኋላ ለሳይንስ ወደ መደበኛው ሦስተኛ ክፍል እንገባለን። የዚያ ክፍል አስተማሪ ጨዋ ሴት ናት፤ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ስንገባ ፈገግ ብላ «እንግዶቻችን መጡ» ትላለች። በመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ። በአራተኛው ወርም እንግዶች ነበርን። መቀመጫችን በሩ አጠገብ ነው። ወረቀት ሲታደል የልጅቷ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ይቅርታ ትጠይቅና ኮፒ ልታደርግ ትወጣለች፤ ስትመለስ ትምህርቱ ግማሽ ሆኗል። ከኔ ጋር ስታወራ «ያንቺ ተማሪ» ነው የምትላት። አንድ ቀን ልጅቷ ጮክ ብላ ስታዜም፣ እዚያ በናንተ ክፍል ብትሆን አይሻላትም ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ። ለአለቃዬ ሄጄ ተናገርኩ፤ አስተማሪ ተብላ ተማሪዋን ከበር ላይ አስቀምጣ እንዴት ትተኛለች አልኩ። የሴትዮዋን ጉድለት ለማየት መነጽር አላስፈለገኝም።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እናትየው ትፈልገኛለች። የልጅን የትምህርት ነገር ከትምህርት ቤት ውጭ ማውራት ለኤይድ ክልክል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ግን ማን ያስታውሰዋል። ጎብዛለች፣ በራሷ መሥራት ጀምራለች እላታለሁ። ጃንዋሪ ላይ አባትየውም እየመጣ ይጨብጠኝ ጀመር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ስለ ልጁ ለዘመድ እንኳ አውርቶ እንደማያውቅ ሚስቱ ነግራኛለች። አሁን መንገድ ላይ ሆኖ ወንድሞቹን ኮል እያደረገ ልጄ ከእኩዮቿ ጋር ልትማር ነው ይላል አለችኝ። ስትነግረኝ ፊቷ ይበራል። እኔም ፊቴ ሳይበራ አልቀረም።

ማርች ላይ አለቃዬ ሥራ ካለቀ በኋላ ጠራችኝ። የዓመቱ ስብሰባ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ኮምፒውተሯ ላይ አምስት መስመር አሳየችኝ፤ ከኖቬምበር ጀምሮ እኔ የሞላሁት ቅጽ ወደ መስመር ተቀይሮ ነው። አምስቱም ወደ ላይ ይወጣሉ። አራቱ ግባቸውን ነክተዋል። እሷ ራሷ ስትፈትናት ልጅቷ ይህን ያህል እንዳልሠራችላት፣ ግን ቋንቋዋን የምታውቅ ሰው አጠገቧ ስትሆን እንደሚቀላት እንደገመተች ነገረችኝ። ከዚያ የስብሰባውን ረቂቅ አወጣች። ለሚቀጥለው ዓመት የአጋዥ ሰዓት ከሙሉ ቀን ወደ ዜሮ፤ ሙሉውን ጊዜ መደበኛ ክፍል። ተነሥታ አቀፈችኝ። «ይኼ ያንቺ ሥራ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ የኔ ሥራ ነው። የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤቱ ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር እስካለው ቤቴ ድረስ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። በዓይኔ የሚመጣብኝ አንድ ነገር ነው። ሴፕቴምበር ላይ ልጅቷ «እንግዳችን መጣች» ከሚባልበት ክፍል በር አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ወረቀት ሳይደርሳት፣ ቀና ብላ የምታየው ሰው ስትፈልግ። አዲስ አበባ ሆኜ የሰጠሁት ሃምሳ ቢያንስ ከክፍል ክፍል ያሳልፍ ነበር። እዚህ የሰጠሁት ሃምሳ ከልጅቷ ላይ ሰው ሊወስድባት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ወዲያው ተናገርኩ ብል ደስ ባለኝ። አልተናገርኩም። ዓርብ ዕለት ቀሪውን ዓመት በትክክል ብሞላ መስመሩ ራሱ ይወርዳል ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ስብሰባው ደጅ ላይ ቆሞ። ቅዳሜ ለልጅቷ ሲሉ ሊያባርሩኝ ነው ብዬ አዘንኩ፤ ለራሴ ማለቴ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እናትየውን ላለማግኘት በጎን በር ወጣሁ፤ አገኘችኝ። ለስብሰባው ከሥራ ፈቃድ እንደጠየቀች፣ ባሏም ትራኩን አቁሞ እንደሚመጣ ነገረችኝ። እሺ እንደ ማለት ብቻ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰኞ ማለዳ ልጆቹ ሳይመጡ ለአለቃዬ ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት። ከኖቬምበር ጀምሮ «በራሷ» ያልኩት አብዛኛው በኔ እጅ እንደሆነ፣ አሳዝናኝ እንዳደረግሁት፣ ለክፋት እንዳልነበረ። የመጨረሻውን ባልለው ይሻል ነበር። ቡናዋን አስቀመጠች። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን በእነዚህ ወራት ውስጥ አሥር እስኪሞላ የጠበቅሽበት ቀን አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኳት።

«እንግዲያው ትችል እንደሆነ አታውቂም» አለች።

አላውቅም አልኩ። ሳስበው ግን ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ገና ከመጀመሪያው ቀን አትችልም ብዬ ወስኜ ጨርሻለሁ። የአዲስ አበባዋን ልጅ መዳፏን በማስመሪያ ከሚመታት ሰው፣ ይቺን በሩ አጠገብ ከምታስቀምጣት ሴት ጋር በዚህ ነጥብ ላይ አንድም ልዩነት አልነበረንም። እነሱ አትችልም ብለው ተዉአት። እኔ አትችልም ብዬ ሠራሁላት። ለልጅቷ የደረሳት ያው ነው።

አለቃዬ የራሷንም ጥፋት አልሸፈነችም። የኔ ፈተናና ያንቺ ቅጽ እንደማይገጥም አይቼ ነበር፣ መስመሩ ስለጣመኝ አልጠየቅሁም አለች። ወደ ርዕሰ መምህርቷ አብረን ገባን። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቅጥሬም በዓመቱ መጨረሻ እንደሚታይ ተነገረኝ። ወላጆቹ ተስማምተው ስብሰባው ሁለት ሳምንት ተገፋ፤ ለምን እንደተገፋ የምነግራቸው እኔ እንድሆን ለምኜ ተፈቀደልኝ። እስከዚያ ሁሉንም ከዜሮ እንመዘግባለን። አንዳንድ ቀን እኔ፣ አንዳንድ ቀን አለቃዬ፤ አሥር እየቆጠርን።

እነዚያ ሳምንታት ከመጋዘኑ ሥራ ይከብዱ ነበር። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ በመጨረሻ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ዚፑን ዘረጋችልኝና ቆመች። ቆጠርኩ። አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ እንደልማዷ ጠበቀችኝ። አሥር ሞላ፤ በቃል ነገርኳት። አልሠራችም። ግራ ተጋብታ እጄ ወዳለበት ወደ ኪሴ ተመለከተች። በሦስተኛው ቀን በእንግሊዝኛ ተቆጥተሽኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የምትጠይቅ ልጅ ፊት ኪስ ውስጥ እጅ መያዝ ምን እንደሆነ አልገልጸውም። አልተቆጣሁም፣ እየጠበቅሁሽ ነው አልኳት። ቃሉ ያልገባት መሰለኝ። ለአምስት ወር ፍቅር ማለት እጅ መሆኑን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ምሳ ቤት ደግሞ ሌላ ነበር። ሰልፉ ከኋላችን ይጋፋል። ልጅቷ ሁለት አኃዝ ትመታና ታየኛለች። ምግብ የምታድለው ሴትዮ ልታግዛት እጇን ስትሰድ እኔ በዓይኔ አስቆምኳት፤ ትናንት ራሴ የማደርገውን ዛሬ ሌላ ሰው ሲያደርገው አናደደኝ። አንድ ልጅ ከኋላ አፍጥኑ አለ። የተሳሳተ ቁጥር መታች፤ ማሽኑ ጮኸ። ደግማ መታች፤ ጮኸ። በአራተኛው ቀን ምግቡ ቀዘቀዘ። በአምስተኛው ቀን ታለቅሳለች ብዬ ሳስብ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ግድግዳው ዞሬ።

በስምንተኛው የትምህርት ቀን ማሽኑ ፊት ቆመች። እኔን ማየቷን ትታ ማዜም ጀመረች፤ ያቺኑ ቀኑን ሙሉ የምታዜማትን። በኔ ቤት የልጅ ማንጎራጎር ነው፤ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። በዚያ ቀን ግን እጄ ኪሴ ውስጥ ስለሆነ ከመስማት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። በዜማው ውስጥ ቁጥሮች አሉ። ስድስት ናቸው። አንዱን ስታዜም አንዱን በአውራ ጣቷ ትመታለች፤ ዜማው ላይ ትንሽ ታርፋለች፣ ጣቷም ያርፋል፤ ስድስተኛው ላይ ድምጿ ከፍ ይላል። ማሽኑ አልጮኸም። ትሪዋን አንሥታ ሄደች፤ ምንም የተለየ ነገር የሆነ አልመሰላትም።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ያን ዜማ ካወቅኋት ጀምሮ ስታዜመው ነበር፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት። ቁጥሩን በራሷ መንገድ ስታጠና ነበር። ዜማው ዝግተኛ ነው፤ እሷ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ የኔ ጣት ስድስቱንም መትቶ ይጨርስ ነበር። መቼ እንዳወቀችው ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። ይህን ሊያሳይ የሚችለው ወረቀት በኔ እጅ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሞላሁት በራሴ ደግነት ነው። የሷን ድክመት ብቻ የደበቅሁ ይመስለኝ ነበር። ጉብዝናዋንም አብሬ ደብቄዋለሁ።

ስብሰባው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። አባትየው ከመንገድ በቀጥታ መጥቶ የሥራ ጫማውን እንኳ አልቀየረም። እናትየው ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች። ጠረጴዛው ላይ አስተርጓሚ በስልክ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከሁሉ በፊት በአማርኛ እኔ ልናገር ብዬ ጠየቅሁ። የመደበኛው ክፍል አስተማሪም እዚያ ነበረች፤ ፈገግታዋ እንዳለ ነው።

አዙሬ አልነገርኳቸውም። ሲነጋገሩበት የኖሩት ውጤት የኔ እንጂ የልጃቸው እንዳልሆነ፣ እንደዚያው ቢቀጥል ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት አጠገቧ ሰው እንደማይኖር፣ አሁን ግን እርዳታው እንደሚቀጥል። ከዚያ አዲሱን ወረቀት አነበብኩላቸው። ዚፑን ታች አያይዘው ሲሰጧት ወደ ላይ ትስበዋለች፣ ማያያዙ ገና ነው። ከስሟ ሦስት ፊደል ትጽፋለች። እስከ አሥራ ሦስት ትቆጥራለች። ከሃያ ቃላት አራት ታነባለች። የምሳ ቁጥሯን ትመታለች። ከአምስት ግብ አንድ።

እናትየው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ከዚያ ቁጥሩን ማን ነው የሚመታው ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ናት አልኳት። በእውነት እሷ ናት ወይ አለች፤ እንዲህ ብላ የመጠየቅ መብት አላት። አለቃዬ በሦስት የተለያዩ ቀናት ያለ እኔ እንዳየች በአስተርጓሚው በኩል መለሰችላት። በዜማ እንደምትመታው ስነግራት እናትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። መኪና ውስጥ ኋላ ተቀምጣ እንዲሁ ስታዜም ድምፅሽን ቀንሺ እያልኩ እቆጣት ነበር አለች። ማልቀሷ ከደስታ ይሁን ከኀዘን እኔ አልለየሁትም።

አባትየው ወረቀቱን ፈረመ። ሰው ሁሉ ሲነሣ ቆየና እኔ ወንበሩን ወደ ቦታው ስመልስ አጠገቤ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮህ ይቀለኝ ነበር። ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው።

«እትዬ» አለኝ፣ «የሚያዝንልን ሰው መቼ አጣን። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም ያዝንልናል። እኛ እርስዎን ስናገኝ የተደሰትነው አስተማሪ ናቸው ብለን ነው።»

ነኝ ልለው ፈልጌ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ልለው ፈልጌ ነበር።

«ከነገ ጀምሮ» አልኩት።

አየኝ። ይመነኝ አይመነኝ እንጃ። ነገ ልጅቷን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያደርሳት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ሚስቱን ተከትሎ ወጣ።